አሥረኛዋ ፒን ለምን እምቢ ትላለች? የአንባቢያን የቦውሊንግ ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ «የትኛውን ኳስ ልግዛ?» ብለው የሚጀምሩ ነበሩ። እኛ ግን አብዛኞቹን ወደ ጣት፣ ወደ እግርና ወደ ስፔር (ቆመው የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ኳስ ወደ መልቀም) መለስናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራ እጅ የሆነ ቀኙን ግራ እያለ ያንብብ። «ጣውላ» ስንል ኳሱ የሚንከባለልበት ወለል፣ ማለትም የሌኑ ወርድ የተከፋፈለባቸውን 39 ቀጫጭን ንጣፎች ማለታችን ነው፤ የቀኝ እጅ ተጫዋች ከቀኝ ቦይ ተነስቶ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራቸዋል። የአንዱ ስፋት 2.7 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ፒኖቹ ደግሞ ከፊት ባለችው 1 ይጀምሩና ረድፍ በረድፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ፦ 2 እና 3፣ ከዚያ 4፣ 5፣ 6፣ በመጨረሻም ከ7 እስከ 10።

ጥያቄ፦ ስትራይክ ስመታ ሰሌዳው ነጥቤን ወዲያው አያሳየኝም። ጓደኛዬ ደግሞ አንድም ስትራይክ ሳይመታ በልጦኝ ጨረሰ። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳተም፤ ቀጣዮቹን ኳሶችዎን እየጠበቀ ነው። ጨዋታው 10 ፍሬም (ዙር) አለው፤ በአንድ ፍሬም ቢበዛ ሁለት ኳስ ይወረወራል። በመጀመሪያው ኳስ 10ሩም ከወደቁ ስትራይክ ነው። ዋጋው 10 ሲሆን፣ ቀጥለው የሚወረወሩት ሁለት ኳሶች የጣሉት ይታከልበታል። ሁሉም የወደቁት በሁለተኛው ኳስ ከሆነ ስፔር ይባላል፤ በ10 ላይ የሚታከለው የቀጣዩ አንድ ኳስ ብቻ ነው። ለምሳሌ አንደኛው ፍሬም ስትራይክ፣ ሁለተኛው 7 ተጥሎ ስፔር፣ ሦስተኛው 9 እና 0 ይሁን። አንደኛው 10+7+3 = 20፣ ሁለተኛው 10+9 = 19፣ ሦስተኛው 9፤ ድምሩ 48 ነው። በአሥረኛው ፍሬም ስትራይክ ወይም ስፔር ከመጣ ተጨማሪ ኳስ ስለሚሰጥ እስከ ሦስት ይወረወራል። 12 ተከታታይ ስትራይክ 300 የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው።

ጓደኛዎ የበለጠዎ ስትራይክ ብቻውን ሲቆም ድሃ ስለሆነ ነው። አንዱ ፍሬም ስትራይክ፣ ቀጣዩ 7 ብቻ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ቢሄድ አምስት ስትራይክ የመታ ሰው 120 ይዞ ይወጣል። በየፍሬሙ 9 ጥሎ የቀረችውን አንዷን የሚለቅም ግን ያለ አንድ ስትራይክ 190 ይጨርሳል። ስትራይክና ስፔር እስከ መጨረሻው ቢፈራረቁ ውጤቱ ልክ 200 ነው። አንዳንድ ውድድሮች ስትራይክን በቀጥታ 30፣ ስፔርን ደግሞ 10 እና የዚያው ፍሬም የመጀመሪያ ኳስ ድምር አድርገው የሚቆጥሩበት ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ከመመዝገብዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቦታው ኳስ እየወሰድኩ ነው የምጫወተው። ሁለት ጨዋታ ሳልጨርስ አውራ ጣቴ ይላጣል፣ የእጄ አንጓም ያመኛል። ኳሱ ከብዶኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጉድጓዱ ነው። በጋራ መደርደሪያ ላይ ያሉት ኳሶች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 16 ፓውንድ ይመዝናሉ። 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.26 ኪሎ፣ በደንቡ የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው። «ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛ» የሚባለው መነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ትከሻው ወይም ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሁለት ሦስት ፓውንድ ቢቀንስ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የቀላል ኳሶች ጉድጓድ ጠባብ፣ የከባዶቹ ሰፊ ይሆናል። ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው 10 ፓውንድ እየበቃው ጣቱ የሚገባበትን ሲፈልግ 15 ይዞ ይገኛል። በክብደት ሳይቸኩሉ በዚያው ክብደት ያሉትን ሌሎች ኳሶች አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ የጉድጓዳቸው ስፋት አንድ ዓይነት አይደለም።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። አውራ ጣትን እስከ ሥሩ ያስገቡና ያሽከርክሩት። ቆዳው ዙሪያውን ግድግዳውን በስሱ መንካት አለበት፤ ሲያወጡት ደግሞ ሳይቆነጥጥ መንሸራተት አለበት። ከዚያ አውራ ጣቱ እንደገባ መዳፉን ኳሱ ላይ ዘርግተው የመሃልና የቀለበት ጣትዎን በጉድጓዶቹ ላይ ያስተኟቸው። የሁለተኛው መገጣጠሚያ መስመር ወደ መዳፍ ከቀረበው የጉድጓድ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ከዋለ ርቀቱ ልክ ነው። ርቀቱ ከረዘመ የአውራ ጣት ሥርና የመዳፍ ጅማት ይወጠራል። ካጠረ ወይም ጉድጓዱ ከሰፋ እጅዎ ኳሱ እንዳይወድቅ ብሎ ይጨብጣል፤ መላጡን፣ ውኃ መቋጠሩንና ኋላ የሚመጣውን መጅ የሚያመጣው ያ መጨበጥ ነው። የተጨበጠ ኳስ በወቅቱ አይለቅም፤ ሲለቅም አንጓን ይዞ ይዞራል።

ጣት በጨዋታ መሃል ማበጡ የተለመደ ነው። የራሳቸው ኳስ ያላቸው ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቴፕ ደርበው ለጥፈው፣ ጣቱ ሲያብጥ አንዱን ያነሳሉ። ኳስ ሲነሳም ከመመለሻው ላይ በሁለት እጅ፣ ሌላ ኳስ በማይመጣበት ጎን በኩል ተይዞ ይነሳ። በሁለት ኳሶች መካከል የተገኘ ጣት ጉዳቱ ከመላጥ ይብሳል። ሌላ ሰው በልኩ ያስበሳውን ኳስ መዋስም አይመከርም፤ በተለይ እስከ አንደኛው መገጣጠሚያ ብቻ የሚያዘው ዓይነት ከሆነ ርቀቱ ለእርስዎ እጅ አልተለካም።

ጥያቄ፦ ዓይኔን ከፒኖቹ ላይ አላነሳም፤ ሆኖም ከሦስት ኳስ አንዱ ቦይ ይገባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዓይንዎን ከፒኖቹ ላይ ያንሱ። ከፋውል መስመር፣ ማለትም ሲወረወር ከማይታለፈው መስመር፣ እስከ ፊተኛዋ ፒን 18.29 ሜትር አለ። በሌኑ ላይ የተሳሉት ሰባት ቀስቶች ግን ከመስመሩ ከ3.7 እስከ 4.9 ሜትር ብቻ ይርቃሉ። ቀስቶቹ በየአምስት ጣውላው ላይ ስለተቀመጡ ከቀኝ ሁለተኛው 10ኛ ጣውላ ላይ፣ መካከለኛው 20ኛው ላይ ነው። ቅርብ ያለን ነገር ማለፍ ሩቅ ያለን ከመምታት ይቀላል። ስህተቱ ግን እየሄደ እንደሚሰፋ አይርሱ፦ ከአንድ ቦታ ተለቆ ቀስቱ ጋ በአንድ ጣውላ የተሳተ ኳስ ፒኖቹ ጋ ሲደርስ ወደ አራት ጣውላ ይስታል። ለመነሻ ሁለተኛውን ቀስት ይያዙ።

ሁለተኛው ጉዳይ አረማመድ ነው። ጀርባዎን ለፒኖቹ ሰጥተው፣ ተረከዝዎን ከፋውል መስመሩ አምስት ሴንቲሜትር ያህል አርቀው ይቁሙ። ከዚያ አራት ተኩል ተራ እርምጃ ወደ መንደርደሪያው መጀመሪያ ይራመዱና ዞር ይበሉ። መነሻዎ እዚያ ነው። አራቱ እርምጃዎች ይህን ይመስላሉ። በመጀመሪያው ቀኝ እግር ሲወጣ ኳሱ አብሮት ወደ ፊት ይገፋል። በሁለተኛው ግራ እግር ሲረግጥ ኳሱ በክብደቱ ወርዶ ከቀኝ እግር ጎን ይደርሳል። በሦስተኛው ከኋላ ከፍታው ላይ ይሆናል። በአራተኛው ግራ እግር ይንሸራተታል፣ ክንዱም በራሱ ክብደት ተመልሶ ኳሱን ይለቃል፤ አውራ ጣት ቀድሞ፣ ሁለቱ ጣቶች ተከትለው ይወጣሉ።

ቦይ የሚያስገባው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በመጀመሪያው እርምጃ ነው። እግር ወጥቶ ኳሱ ደረት ላይ ከቀረ ክንዱ ይዘገያል። የዘገየውን ለማካካስ ትከሻ ይገፋል፤ ትከሻ የገፋው ኳስ ደግሞ ወደ ግራ ይጎተታል። ወደ ቀኝ የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ሲወዛወዝ ከጀርባ በስተጀርባ የተጠቀለለ ኳስ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከወረወሩ በኋላ ኳሱ ቀስቶቹን እስኪያልፍ ካሉበት አይንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ግራ እግርዎ በየትኛው ጣውላ ላይ እንደቆመ ይመልከቱ። በ20 ጀምረው በ26 የሚቆሙ ከሆነ ችግሩ እጅዎ ጋ አይደለም፤ ሲራመዱ ወደ ግራ እየሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ ኳሴ ፖኬቱን፣ ማለትም የ1 እና የ3ን መሃል፣ በትክክል ይመታል፤ ዘጠኙ ይወድቁና 10ኛዋ ብቻዋን ቆማ ታየኛለች። ይህ ዕድል ነው ወይስ የእኔ ጥፋት?

መልስ፦ አንዳንዴ ዕድል ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቆመች ግን መልእክት አላት።

በጥሩ ስትራይክ ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒኖችን ብቻ ነው፦ 1፣ 3፣ 5 እና 9። የቀሩትን የሚጥሏቸው ፒኖቹ እርስ በእርሳቸው ናቸው። 1 ሁለትን፣ 2 አራትን፣ 4 ሰባትን ይመታል፤ 5 ደግሞ ስምንትን። በቀኝ በኩል 3 ስድስትን ይመታል፣ 10ኛዋን የሚጥላት 6 ነው። ስለዚህ 10ኛዋ ቆማ ስትቀር ዓይንዎ 6 ላይ ይሁን።

6 በጉልበት በርሮ የ10ኛዋን አንገት ታክኮ ከፊቷ ካለፈ ኳሱ ጠንካራ ነበር፤ የገባበት አንግል ግን በጥቂቱ ተዛብቷል። መነሻዎን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያድርጉ፤ አለዚያም በአንድ ጣውላ ይዙሩ። ሁለቱን በአንድ ላይ አይለውጡ፣ የትኛው እንደሠራ ሳያውቁ ይቀራሉ። 6 ቀስ ብሎ ወድቆ ቦዩ ውስጥ ከተጋደመ ነገሩ ሌላ ነው። ኳሱ ፒን ጋ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱን ጨርሷል፤ 1ን ሲነካም መንገዱን ጠብቆ ሰብሮ ከመግባት ይልቅ ወደ ቀኝ ተገፍቷል። ያኔ ሌኑ የተቀባው ዘይት በርከት ወዳለበት፣ ወደ ግራ ዘወር ብለው ኳሱ ቀድሞ እንዳይታጠፍ ያድርጉ።

ቀጥ ያለ ኳስ የሚወረውሩ ሰዎች 10ኛዋ ለምን እንደምትበዛባቸው ቀላል ጂኦሜትሪ ይነግራቸዋል። ጥሩ ውጤት የሚሰጠው የመግቢያ አንግል 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኳሱ መካከል 17ኛውና 18ኛው ጣውላ መሃል ላይ ሲያርፍ። ቀጥ ያለ ኳስ ከቀኝ ጠርዝ ቢነሳ እንኳ 2 ዲግሪ አይሞላም። የሚታጠፍ ኳስ ጥቅሙ ይኸው አንግል ነው፣ ለእይታ ማማሩ ትርፍ ነው።

ቆማ የቀረችውን ለመልቀም ደግሞ ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ዘይት የማያስጨንቀው ተራ የፕላስቲክ ኳስ፣ ቀጥ ያለ ውርወራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ። ኳሱ ፋውል መስመሩ ጋ 26ኛው ጣውላ ላይ አርፎ መካከለኛውን ቀስት ካለፈ 10ኛዋ ያለችበት 3ኛ ጣውላ ላይ ይደርሳል። ግራ እግርዎ የሚያርፈው ከዚያ ስድስት ሰባት ጣውላ ወደ ግራ ነው። ይህችን ፒን ሰው የሚፈራት ቦዩ አጠገቧ ስላለ ነው። የኳሱ ወርድ 21.6፣ የፒኗ 12.1 ሴንቲሜትር ስለሆነ ግን ኳሱ ዘጠኝ ጣውላ ያህል በሚሰፋ ቦታ ውስጥ የትም ቢደርስ ይጥላታል።

ጥያቄ፦ በሊጋችን አንደኛውን ጨዋታ 180 እጫወትና ሦስተኛው ላይ በዚያው አወራወር 130 እወርዳለሁ። ደክሞኝ ነው?

መልስ፦ ድካም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ይበልጥ የተለወጠው ግን ሌኑ ነው። ሌን ዘይት ይቀባል። መጀመሪያ የተቀባው ወለሉን ከኳስ ለመጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ጨዋታውን ራሱን የሚወስነው እሱ ነው። በተለመደው የመዝናኛ አቀባብ ዘይቱ 12 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ስስ ነው። ይህ ለተጫዋቹ የተደረገ ውለታ ነው፦ ወደ መሃል የሳተ ኳስ ይንሸራተታል፣ ወደ ዳር የሳተው ደረቁን ይዞ ይመለሳል። በውድድር አቀባብ የመሃልና የዳር ልዩነቱ ስለሚጠብ ያ ውለታ ይቀራል። በመዝናኛ 190 አማካይ ያለው ሰው እዚያ ገብቶ 160 ሲያመጣ ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው።

ሪአክቲቭ የሚባሉት ኳሶች ዘይት ይመጥጣሉ። አሥር ሰው በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጨዋታ ሲወረውር ያ መስመር ይደርቃል፣ ከተነሳው ዘይት ጥቂቱም ወደ ፊት ይወሰዳል። ኳስዎ ቀድሞ መታጠፍ ይጀምርና ፖኬቱን ትቶ 1ን ፊት ለፊት ይመታል፤ ስፕሊት፣ ማለትም ተራርቀው የሚቀሩ ፒኖች፣ ይበዛል። ማስተካከያው በአንድ አባባል ይያዛል፦ ወደ ሳቱበት ይሂዱ። ኳሱ ወደ ግራ ከሳተ እግርዎን ሁለት ጣውላ፣ የሚያዩበትን ነጥብ አንድ ጣውላ ወደ ግራ ያዙሩ። ወደ ቀኝ ከሳተ በተቃራኒው። አንድ መጥፎ ውርወራ አይቶ መዞር ግን ስህተት ነው፤ በደንብ የተለቀቁ ሁለት ኳሶች አንድ ዓይነት ነገር ካሳዩ ያኔ ይዙሩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው 180 የሰጠችውን ቦታ ለመተው እየሳሳ ነው።

የዘይቱን ርዝመት በጫማ ካወቁ ሌላ ጠቃሚ ስሌት አለ፦ ከርዝመቱ 31 ይቀንሱ። ዘይቱ 40 ጫማ ከሆነ 9 ይቀራል። ኳስዎ ከዘይቱ ሲወጣ በ9ኛው ጣውላ አካባቢ ቢሆን ወደ ፖኬቱ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው ማለት ነው። መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ጥያቄ፦ አማካዬ 140 ላይ ተቸክሎ ቀረ። ጠንካራ የሚታጠፍ ኳስ ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ያለፉትን አሥር ጨዋታዎችዎን ወረቀት ያውጡና አንዲት ፒን ብቻ ቆማ የሳቷትን ይቁጠሩ። 9 ላይ የቀረ ፍሬም ያጎደለብዎት አንድ ነጥብ ብቻ ይመስላል። ስፔር ቢሆን ኖሮ የቀጣዩ ኳስ ስለሚታከልበት ግን እውነተኛው ኪሳራ ወደ 10 ይጠጋል። በአንድ ጨዋታ ሦስት እንዲህ ያሉ ካሉ 170 ኪስዎ ውስጥ ነበር።

ለስፔር የቆየው ዘዴ 3-6-9 ይባላል። የስትራይክ መነሻዎን መሠረት ያድርጉ፣ የሚያዩትን ቀስት አይቀይሩ። 2 ወይም 8 ከቀረች እግርዎን ሦስት ጣውላ ወደ ቀኝ፣ 4 ከቀረች ስድስት፣ 7 ከቀረች ዘጠኝ ያዙሩ፤ ሲራመዱም ፊትዎ ወደዚያው ቀስት ይሁን። ለቀኝ ጎን ከላይ የጻፍነውን የ10ኛዋን መስመር መሠረት አድርገው፣ ለ6 ከዚያ ወደ ቀኝ ይመለሱ። ስንት? እዚህ ላይ 3 የምትባለውን ቁጥር በጭፍን አንቀበላትም። 6 እና 10 ወደ ጎን የሚራራቁት 15 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 5.6 ጣውላ ነው። ቀጥ ያለ ኳስ መካከለኛውን ቀስት እያለፈ ይህን ለመሸፈን ሁለት ጣውላ ይበቃዋል። ሦስቱ ለሚታጠፍ ኳስ የተለመደች ቁጥር ናት፤ የራስዎን በልምምድ ይለኩ።

ልምምድ ሲሄዱ ስትራይክ መቁጠሩን ይተዉ። ሙሉው ረድፍ ቆሞ እያለ 20 ኳስ 7 ላይ፣ 20 ኳስ 10 ላይ ብቻ እያነጣጠሩ ይወርውሩ። አሰልቺ ነው። ከ20 ውስጥ 15 ሲደርሱ ስለ አዲስ ኳስ እንደገና ይጻፉልን።

ጥያቄ፦ 7 እና 10 ሲቀሩ በቴክኒክ የሚጣሉበት መንገድ አለ?

መልስ፦ በቀጥታ የለም። የሁለቱ መካከል 91 ሴንቲሜትር ይራራቃል፤ አንድ ኳስ ሁለቱን ሊነካ አይችልም። አንዷ ተመትታ ከግድግዳው ወይም ከኋላው መጋረጃ ነጥራ ሌላዋን መጣል አለባት። አሜሪካዊው ፕሮፌሽናል ማርክ ሮዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በቴሌቪዥን ሲያደርገው የመጀመሪያው ነበር፤ ከሌሎች ጥቂቶች በኋላ አንቶኒ ኒዩርም በ2021 ደገመው። በሊግ ግን አንዷን በእርግጠኝነት ይውሰዱ።

ልብ የሚገባው በትንንሾቹ ስፕሊቶች ላይ ነው። 3 እና 10፣ 2 እና 7፣ እንዲሁም 4 እና 5 ወደ ጎን የሚራራቁት 30.5 ሴንቲሜትር ነው። የፒን ውፍረት ሲቀነስ የሚቀረው ክፍተት 18.4 ብቻ ስለሆነ በመካከላቸው የሚያልፍ ኳስ ሁለቱንም ይነካል። እነዚህን «ስፕሊት ነው» ብሎ መተው ስፔር መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ሊግ ልገባ ነው፤ ሃንዲካፕ፣ አማካይ፣ ቀሪ የሚሉት ነገር ግራ አጋባኝ።

መልስ፦ በአብዛኛው ሊግ ቡድን ከሦስት እስከ አምስት ሰው አለው፤ በአንድ ምሽት ሦስት ጨዋታ ይካሄዳል። ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሌኖች ላይ በየፍሬሙ እየተቀያየሩ ስለሚጫወቱ እያንዳንዱ ሰው አምስት ፍሬም በአንዱ፣ አምስት በሌላው ይወረውራል። ሁለቱ ሌኖች አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ለየብቻ ያስታውሷቸው።

አማካይ ማለት ጠቅላላ ነጥብ ለጨዋታ ብዛት ተካፍሎ ክፍልፋዩ ሲጣል ነው። በ21 ጨዋታ 3,127 ያመጣ ሰው 148.9 ሳይሆን 148 ነው። ሃንዲካፕ ደካማውን ለማቀራረብ የሚጨመር ነጥብ ነው። ሊጉ «ከ220 ላይ 90 በመቶ» ካለ ከ220 አማካይዎን ይቀንሱ፣ በ0.9 ያባዙ፣ ክፍልፋዩን ይጣሉ። ለ148 ይህ 64 ይሆናል፤ አማካዩ 205 ለሆነ ተጋጣሚ ደግሞ 13። ሁለታችሁም አማካያችሁን ብትጫወቱ 212 ለ218 ነው። ብልጫው አልጠፋም፣ ጠበበ እንጂ። መቶኛው ዝቅ ሲል ጠንካራው ይጠቀማል። በውሉ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው መስመር ይኸው ነው።

ቀሪ ለሆነ ተጫዋች ብዙ ሊጎች አማካዩን 10 ቀንሰው ይመዘግቡለታል። ቀድሞ መጫወት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ለቡድኑ ቢያንስ ስንት ሰው መገኘት እንዳለበት፣ ዘግይቶ የመጣ ከስንተኛው ፍሬም እንደሚገባ በውሉ ይገኛል። ሃንዲካፕ ለማብዛት ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ መጫወት በደንብ የሚያስቀጣ ማጭበርበር ነው፤ አማካይን ለመጠበቅ ብሎ ዘጠነኛው ፍሬም ላይ «እጄን አመመኝ» ማለትም ያው ነው።

አንድ የጨዋነት ደንብ፦ ከጎንዎ ባለው ሌን ላይ ሰው ለመወርወር ከቆመ ይጠብቁት። ሁለታችሁም እኩል ከደረሳችሁ በቀኝ ያለው ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት ከፍተኛ ክርክር ነበር፤ ቦይ ገብቶ ነጥሮ የወጣ ኳስ ሁለት ፒን ጣለ። ይቆጠራል? ፋውል ሲሆንስ?

መልስ፦ አይቆጠርም፤ ቦይ የነካ ኳስም ሆነ ከኋላው መጋረጃ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ የሚጥለው ፒን ዋጋ የለውም፣ ፒኗም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ነጥሮ የመጣ ፒን የጣላት ፒን ግን ትቆጠራለች። ማሽኑ ገፍቶ የጣላትም አትቆጠርም። ከቦታዋ ተንሸራትታ የቆመች ፒን ቆማለች ማለት ነው፤ የጎን ግድግዳውን ተደግፋ የቀረች ግን እንደወደቀች ትያዛለች።

ፋውል የሚሆነው ኳሱ ሲለቀቅ ወይም ከተለቀቀ በኋላ ማንኛውም የሰውነት ክፍል መስመሩን ወይም ከእሱ ያለፈውን ሲነካ ነው። የወደቀው ሁሉ ዜሮ ይሆናል፣ ኳሱ ግን እንደተወረወረ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ኳስ ከሆነ 10ሩም እንደገና ይደረደራሉ፤ በሁለተኛው ሁሉንም ከጣሉ ስፔር ነው እንጂ ስትራይክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ ጫማና ኳስ አያያዝ በአጭሩ ንገሩኝ። ኳሴ ከዓመት በፊት እንደነበረው አይታጠፍም።

መልስ፦ የኪራይ ጫማ ሁለቱም ይንሸራተታሉ። የራስ ሲገዛ ግራው ተንሸራታች፣ ቀኙ የሚይዝ ሶል ያለው ዓይነት አለ። ትልቁ ጠላት ውኃ ነው፦ እርጥብ ሶል መንሸራተት ባለበት ቦታ ይነክስና ጉልበት ሰውነትን ቀድሞ ይቆማል። መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ሽፋን ያድርጉበት ወይም ጫማ ይቀይሩ፤ ከመወርወርዎ በፊትም መንሸራተቱን በእግር ይሞክሩ።

ኳስዎ ሪአክቲቭ ከሆነ ዘይት ጠጥቶ ጠግቧል፣ ላዩም አልስልሷል። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በደረቅ ፎጣ ይጥረጉት። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ኳሱ ሳይቀዘቅዝ፣ ለኳስ በተሠራ ማጽጃ ያጽዱት። ከብዙ ጨዋታ በኋላ በባለሙያ በብርጭቆ ወረቀት ላዩን ማስከርከር የጠፋውን ብዙውን ይመልሳል። ኳስ ምድጃ ውስጥ ወይም በፈላ ውኃ ውስጥ አይገባም። በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ አድሮ በሌሊት የሚቀዘቅዝ ኳስም በጉድጓዶቹ መካከል ይሰነጠቃል። የቆየ ኳስ ከገዙ ጉድጓዶቹን ይቁጠሩ፦ በዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ደንብ ከነሐሴ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ጣት የማይገባበት የሚዛን ጉድጓድ አይፈቀድም። ሊግዎ በዚህ ደንብ የሚመራ ከሆነ ባለሙያ ይድፈነው። በውድድር መሃል ኳሱን በደረቅ ፎጣ ይጥረጉ፤ ፈሳሽ ማጽጃው እስከ መጨረሻው ኳስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።